ግራፉ የት ቀረ? ኮድና ጽሑፍ በተጣመሩበት ሰነድ ውስጥ የሥዕል ውጤትን ማረም

በሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ሐይቅን ከፒዩጀት ሳውንድ ጋር በሚያገናኘው የመርከብ ቦይ ላይ የተዘረጋው የፍሪሞንት ድልድይ ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ድልድዩ በመረጃ ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከመስከረም 23 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2012) ጀምሮ በግራና በቀኝ የእግረኛ መንገዶቹ የሚያልፉት ብስክሌቶች በየሰዓቱ ይቆጠራሉ። ከተማዪቱም ቁጥሩን ለማንም ክፍት በሆነ የመረጃ ቋቷ ታወጣለች። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኢ-ሳይንስ ተቋም ተመራማሪ የነበረው ጄክ ቫንደርፕላስ ይህንኑ ቆጠራ ለማስተማሪያነት ስለተጠቀመበት፣ በየአገሩ ያሉ ጀማሪዎች ያላዩትን ድልድይ በግራፍ ያውቁታል።

የዚህ ትምህርት ጉዳይ ከቆጠራው ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ነው። ተማሪው ማብራሪያውን ይጽፋል፤ ከማብራሪያው ሥር ኮዱን ያስቀምጣል፤ ኮዱ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ይሠራል፤ ግራፉ ግን አይታይም። ወይም ባዶ ነጭ ገጽ ይወጣል። ወይም ከሁሉ በከፋ ሁኔታ የሚያምር ግን የተሳሳተ ግራፍ ይታያል። እነዚህ ሦስት ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ኮድና ጽሑፍ በአንድ ሰነድ

የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሊትሬት ፕሮግራሚንግ» የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ አስተዋወቀ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ፕሮግራም በመጀመሪያ ደረጃ ሰው እንዲያነበው፣ ቀጥሎም ማሽን እንዲፈጽመው ተደርጎ ይጻፍ የሚል ነው። ማብራሪያው ዋናው ጽሑፍ ይሆናል፤ ኮዱም በማብራሪያው መካከል በየቦታው በተቀመጡ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይገባል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሐሳቡን ተቀብለው አንድ እርምጃ አስኬዱት። ኮዱ ከጽሑፉ ጋር እንዲቀመጥ ብቻ ሳይሆን ሰነዱ በተዘጋጀ ቁጥር እንዲፈጸምና ውጤቱ፣ ማለትም ሠንጠረዡና ግራፉ፣ በቦታው እንዲገባ አደረጉ። ፍሪድሪሽ ላይሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው ስዊቭ የተባለው መሣሪያ ለአር ቋንቋ ተጠቃሚዎች ይህን አስቻለ። በሲያትልም ይህ አሠራር ቀደም ብሎ ሥር ሰድዷል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው አንተኒ ሮሲኒ ስለዚህ አሠራር በዚያው ዘመን ጽፏል። ከአር ቋንቋ ሁለት ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ጀንትልማንም ወደ ፍሬድ ኸቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ሲዛወር ባዮኮንዳክተር የተባለው የዘረመል መረጃ መተንተኛ ፕሮጀክት አብሮት ወደ ከተማዪቱ መጣ። በባዮኮንዳክተር እያንዳንዱ የሶፍትዌር ጥቅል ኮዱ በእርግጥ የሚሠራ የማብራሪያ ሰነድ ሊኖረው ግድ ነው።

ዛሬ ሥራው በብዙ መሣሪያዎች ይከናወናል። አር ለሚጠቀሙ ኒተር፣ ፓይተን ለሚጠቀሙ የጁፒተር ኖትቡክ፣ በኢማክስ ጽሑፍ ማዘጋጃ ለሚሠሩ ደግሞ ኦርግ ሞድ አለ። የመሣሪያዎቹ ስምና መልክ ይለያይ እንጂ ግራፍ የሚጠፋባቸው በሮች ተመሳሳይ ናቸው።

ከቁጥር እስከ ገጽ፦ የግራፉ ጉዞ

አንድ ግራፍ በሰነድ ውስጥ ከመታየቱ በፊት አምስት ጣቢያዎችን ያልፋል። በመጀመሪያ መረጃው በትክክል ይነበባል። በሁለተኛ ደረጃ ኮዱ ከመረጃው የግራፍ መግለጫ ያዘጋጃል። በሦስተኛ ደረጃ መግለጫው ወደ ሥዕል ይለወጣል። በአራተኛ ደረጃ ሥዕሉ በፋይል ይቀመጣል፤ ወይም በሰነዱ ሆድ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻም ገጹ ፋይሉን አግኝቶ ያሳያል።

ስህተት ማረም ማለት እንግዲህ ጉዞው በየትኛው ጣቢያ እንደተቋረጠ መለየት ነው። ቧንቧ ሲደርቅ የቤቱን መክፈቻ ከመንቀል በፊት ውኃው እስከ ቆጣሪው መድረሱ ይታያል። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ኮዱን ከላይ እስከ ታች እንደገና ከመጻፍ በፊት «ፋይሉ ተፈጥሯል ወይስ አልተፈጠረም?» የሚለውን አንድ ጥያቄ መመለስ የችግሩን ቦታ ለሁለት ይከፍለዋል። ፋይሉ ከሌለ ስህተቱ ከሥዕል መሥሪያው በፊት ወይም እዚያው ነው። ፋይሉ ኖሮ ካልታየ ስህተቱ በሰነዱና በፋይሉ መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ፋይሉ ኖሮ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ የተቀመጠው ከመሣሉ በፊት፣ ወይም ገጹ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ተዘጋጅቶ ያልተሣለ ግራፍ

በአር ቋንቋ ሁለት ዓይነት የግራፍ አሠራሮች አሉ። የቋንቋው መሠረታዊ የሥዕል ትእዛዞች ልክ እንደተጠሩ በቀጥታ ይሥላሉ። ላቲስና ጂጂፕሎት 2 የተባሉት ላይብረሪዎች ግን አይሥሉም፤ የግራፉን መግለጫ ብቻ አዘጋጅተው ይመልሳሉ። ሥዕሉ የሚወጣው መግለጫው «ፕሪንት» በሚለው ትእዛዝ ሲታተም ነው።

ይህ ልዩነት በተለመደው የትእዛዝ መስኮት አይታወቅም፤ ምክንያቱም አር በመስኮቱ የተመለሰለትን ማንኛውንም ነገር ራሱ ያትማል። ተጠቃሚው ይህንኑ ኮድ በድግግሞሽ ወይም በፈንክሽን ውስጥ ሲያስገባው ግን ራስ ሰር ኅትመቱ ይቀራል። ኮዱ ይፈጸማል፤ መግለጫው ይዘጋጃል፤ ማንም ሳያየው ይጣላል። የስህተት መልእክት የለም፤ ምክንያቱም በቋንቋው ሕግ የተፈጸመ ስህተት የለም።

ለምሳሌ የፍሪሞንትን ቆጠራ ለአሥራ ሁለቱ ወራት በየተራ ለመሣል በድግግሞሽ የተጻፈ የጂጂፕሎት ኮድ አንድም ግራፍ አያወጣም። በድግግሞሹ ውስጥ ግራፉን በ«ፕሪንት» መጠቅለል ብቻ አሥራ ሁለቱን ሁሉ ያወጣል። በጥንቱ ስዊቭ ውስጥ ችግሩ የባሰ ነበር፤ ከድግግሞሽ ውጭም ቢሆን ላቲስ በግልጽ ካልታተመ አይታይም። የአር ቋንቋ ይፋዊ የጥያቄና መልስ ሰነድ ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄ መድቦለታል። የላቲስ ፈጣሪ ዲፓያን ሳርካር እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ላይብረሪው መጽሐፍ ሲያሳትም የሚሠራው በዚያው በሲያትሉ የካንሰር ምርምር ማዕከል ነበር።

በፓይተንም ተመሳሳይ ሁኔታ አለ። አልቴር የተባለው የግራፍ ላይብረሪ በጁፒተር ውስጥ የሚታየው የግራፉ ስም የኮዱ ክፍል የመጨረሻ መስመር ሲሆን ነው። ከግራፉ በታች ሌላ ስሌት ከተጨመረ የሚታየው ስሌቱ ነው፤ ግራፉ ይጠፋል። መፍትሔው ግራፉን ወደ መጨረሻው መስመር ማውረድ ወይም «ዲስፕለይ» በሚለው ትእዛዝ በግልጽ መጥራት ነው።

ተሥሎ ያልደረሰ ግራፍ

ማትፕሎትሊብ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ባዶ ፋይል የሚገኝበት ዋና ምክንያት የትእዛዝ ቅደም ተከተል ነው። ግራፉ በመጀመሪያ ታይቶ ቀጥሎ እንዲቀመጥ ከታዘዘ፣ ማሳያው ሥራውን ሲጨርስ የሥዕሉን ገጽ ዘግቶታል። ስለዚህ የማስቀመጫው ትእዛዝ አዲስና ባዶ ገጽ ከፍቶ ያንኑ ነጩን ያስቀምጣል። በጁፒተርም አንዱ የኮድ ክፍል ሣለው፣ ቀጣዩ ክፍል ካስቀመጠው ውጤቱ ያው ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ቅድሚያ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ማሳየት፤ ሁለቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ ማድረግ።

በኦርግ ሞድ ውስጥ ደግሞ ሰነዱ ምን እንደሚጠብቅ በኮዱ ክፍል ራስጌ ላይ መነገር አለበት። ለአር ኮድ ውጤቱ ግራፊክስና ፋይል መሆኑ፣ እንዲሁም የፋይሉ ስም በራስጌው ላይ ካልተጻፈ ሥዕሉ ወደ ሰነዱ የሚገባበት መንገድ የለውም። የፓይተን ኮድ ከሆነ በተለመደው አሠራር የኮዱ ክፍል እንደ ፈንክሽን ስለሚቆጠር ሥዕሉን ካስቀመጠ በኋላ የፋይሉን ስም መመለስ ይኖርበታል። ስሙ ካልተመለሰ ፋይሉ በዲስክ ላይ ቢኖርም ከኮዱ ሥር «ምንም» የሚል ቃል ብቻ ይታያል።

ሌላም ተማሪን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በኦርግ ሞድ ሰነዱ ወደ ሌላ ቅርጽ ሲላክ በነባሪው ደንብ የሚላከው ኮዱ ብቻ ነው፤ ውጤቱ አይላክም። በመጻፊያው ላይ በግልጽ ይታይ የነበረ ግራፍ በተላከው ሰነድ ውስጥ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። በራስጌው ላይ ውጤቱ ወይም ሁለቱም እንዲላኩ ማዘዝ ችግሩን ይፈታል። በኒተርም ኮዱን እንዳይፈጽም ወይም ውጤቱን እንዲደብቅ የሚያዝዝ ምርጫ ከሌላ ክፍል ተገልብጦ መጥቶ እንደሆነ ራስጌውን ማየት ተገቢ ነው።

የፋይል አድራሻም የራሱ ጣጣ አለው። ሰነዱ በአንድ ማኅደር፣ ኮዱ የሚሠራበት ቦታ በሌላ ማኅደር ከሆነ ፋይሉ ባልተጠበቀ ቦታ ይቀመጣል። ገጹ ለመምህር ወይም ለባልደረባ ሲላክ የሥዕሎቹ ማኅደር አብሮ ካልተላከ ተቀባዩ የሚያየው የተሰበረ ምልክት ነው። በሁለት የኮድ ክፍሎች አንድ ዓይነት የፋይል ስም ከተሰጠም ሁለተኛው ግራፍ የመጀመሪያውን ይደመስሳል፤ ሰነዱም በሁለት ቦታ አንድን ሥዕል ያሳያል። ስለዚህ ለየክፍሉ የተለየ፣ ክፍተት የሌለውና ይዘቱን የሚገልጽ ስም መስጠት ይመከራል።

አምስት ሺሕ መስመር

አልቴርን ጄክ ቫንደርፕላስና ብራያን ግሬንጀር ጀመሩት፤ የቆመበት ቪጋ ላይት የተባለው የግራፍ ቋንቋም የጄፍሪ ሂር ቡድን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው። ይህ ላይብረሪ በሲያትል መረጃ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ሥራው በስህተት መልእክት ይቆማል። ምክንያቱ ስሌት ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው፤ የሁለቱ የእግረኛ መንገዶች ቆጠራ በየፊናው ሲዘረዘር 17,520 መስመር ይሆናል። አልቴር ደግሞ በነባሪው ከ5,000 መስመር በላይ አይቀበልም። የአንድ መንገድ ቆጠራ እንኳ በ209ኛው ቀን ገደቡን ያልፋል።

ገደቡ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አልቴር ሥዕሉን ሳይሆን መረጃውን ራሱን በሰነዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የሚሥለው የአንባቢው የኢንተርኔት ማሰሻ ነው። አሥር ግራፍ ያለው ኖትቡክ አንዱን መረጃ አሥር ጊዜ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ገደቡን ማንሳት ቢቻልም የመጀመሪያው ጥያቄ «ሁሉም መስመር ለዚህ ግራፍ ያስፈልጋልን?» የሚል መሆን አለበት። የዓመቱን አዝማሚያ ለማሳየት የየሳምንቱ ድምር ከበቂ በላይ ነው፤ 52 ነጥቦች ከ8,760 ይልቅ ይነበባሉ።

ከዚሁ ጋር የኢንተርኔት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ከአልቴር የተቀመጠ ገጽ በነባሪው የሥዕል መሥሪያውን ኮድ በተከፈተ ቁጥር ከኢንተርኔት ያመጣል። መስመር በሌለበት ሰዓት የተከፈተ ገጽ ጽሑፉን አሳይቶ ግራፉን ባዶ ይተወዋል። ገጹ ሲቀመጥ መሥሪያው አብሮ እንዲታሸግ ማዘዝ፣ ወይም ግራፉን በተራ የምስል ፋይል ማውጣት አስተማማኝ ነው።

የሚያምር ስህተት፦ ሰዓትና ቀን

የፍሪሞንት ግራፍ በሥራ ቀናት ሁለት ጉብታ አለው። አንዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ፣ ሌላው ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 8 እና 17 ሰዓት መሆኑ ነው። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ የሚታይ ሞገድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን አንድ ሰፊ ጉብታ ብቻ ይታያል።

አሁን መረጃው ሲነበብ ሊፈጠሩ የሚችሉ ሁለት ስህተቶችን እንመልከት። የመጀመሪያው ቀኑ ወደ ቀን ሳይለወጥ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ሲቀር ነው። ማትፕሎትሊብ እያንዳንዱን ጽሑፍ እንደ ተለየ ዓይነት ስለሚቆጥር ለ8,760 መስመሮች 8,760 ምልክት ከግራፉ ሥር ይደረድራል። ውጤቱ ከግርጌ ያለ ጥቁር ንጣፍና ለረጅም ጊዜ የሚያቃስት ኮምፒውተር ነው። ይህ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ግን ድምፅ የለውም። የከተማዪቱ ፋይል ሰዓትን በ12 ሰዓት አቆጣጠር ጽፎ ከቀትር በፊትና በኋላ መሆኑን በምልክት የሚለይ ነው። በፓይተን ሰዓቱ በ24 አቆጣጠር እንዲነበብ ከታዘዘ የቀትር ምልክቱ ተነብቦ ይታለፋል እንጂ ሰዓቱን አይለውጥም። ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት የነበረው ቆጠራ ከንጋቱ 5 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ግራፉ ይሣላል፤ መስመሩ ለስላሳ ነው፤ ቀለሙ ያምራል። የሲያትል ሕዝብ ግን ጎሕ ሳይቀድ በብስክሌት የሚጎርፍ፣ ከቀትር በኋላም አንድም ሰው ከቤቱ የማይወጣ ሆኖ ይታያል።

ይህን ወጥመድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት አይቸግርም። «በ2 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል የቀኑ ይሁን የሌሊቱ፣ የአበሻ ይሁን የፈረንጅ መጠየቅ የዘወትር ልማዱ ነው። ይኸው ልማድ በኮዱ ፊትም ሊኖር ይገባል። ከመሣል በፊት የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አምስት መስመሮች ማየት፣ በቀን ውስጥ 24 የተለያዩ ሰዓቶች መኖራቸውን መቁጠር፣ የዓምዱም ዓይነት ጽሑፍ ሳይሆን ቀን መሆኑን ማረጋገጥ ደቂቃ አይፈጅም።

ፊደሉ ሳጥን ሲሆን

የግራፍ ርእስ በአማርኛ ሲጻፍ የሚገጥም የተለየ ችግር አለ። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ፎንት ፊደሉን ይዟል ማለት አይደለም። የማትፕሎትሊብ ነባሪ ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ «አዲስ አበባ» የሚል ርእስ በተርታ በተሰለፉ ባዶ ሳጥኖች ይተካል። ከግራፉ በላይም ቁጥር 4768 የሆነ ቅርጽ በፎንቱ ውስጥ እንደሌለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። 4768 በዩኒኮድ የ«አ» መለያ ቁጥር ነው፤ ማስጠንቀቂያው የጎደለውን ፊደል በቁጥሩ እየጠራ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ግእዝን የያዘ ፎንት በኮዱ መጥራት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል በነጻ ይገኛሉ፤ ከሲያትል አጠገብ በሬድመንድ የሚገኘው ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያቀረበው ኒያላም አለ። ፎንቱ ተጭኖ እንኳ ሳጥኑ ካልጠፋ ማትፕሎትሊብ የሚመራበት የፎንት ዝርዝር ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ዝርዝሩ እንዲታደስ ማድረግ ያስፈልጋል። ርእሱ የአማርኛና የላቲን ፊደላትን የሚቀላቅል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ባሉት እትሞች ሁለት ፎንቶችን በተራ መዘርዘር ይቻላል፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ይሞላል።

በአር ቋንቋ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ነባሪው የፒዲኤፍ ሥዕል መሥሪያ የግእዝን ፊደል ስለማያውቅ በፊደላቱ ምትክ ነጠብጣብ ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ለአንድ ፊደል ሦስት ነጥብ የሚታየው እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው። ካይሮ በተባለው የሥዕል መሥሪያ መተካት ነገሩን ያስተካክላል። ሥዕሉ ተስተካክሎ የሰነዱ ጽሑፍ ከተበላሸ ግን የሰነድ ማዘጋጃው ራሱ ግእዝን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ የላቴክ ተጠቃሚዎች ለዚህ ዚላቴክን ይመርጣሉ።

ያረጀው ግራፍ

የጠፋ ግራፍ ባለቤቱን ይጠራል፤ ያረጀ ግራፍ ግን ዝም ብሎ ይዋሻል። በጁፒተር የኮድ ክፍሎች በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊሠሩ ስለሚችሉ ሰነዱ ከላይ ወደ ታች የሚነበበው ሌላ፣ በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። መረጃውን የሚያጣራው ክፍል ተሻሽሎ ግራፉን የሚሥለው ክፍል ካልተደገመ፣ ከአዲሱ ማብራሪያ ሥር አሮጌው ሥዕል ይቆያል። ከክፍሎቹ ጎን የሚታዩት ተራ ቁጥሮች ይህን ያጋልጣሉ፤ ቁጥሮቹ ወደ ታች እየጨመሩ ካልሄዱ ሰነዱ አይታመንም።

በኒተር ጊዜ ለመቆጠብ የሚያገለግለው የውጤት ማከማቻም እንዲሁ ነው። ማከማቻው የኮዱን መለወጥ ያያል፤ ከውጭ የሚነበበው ፋይል ቢለወጥ ግን በግልጽ ካልተነገረው አያውቅም። የፍሪሞንት ቆጠራ እየታደሰ ሲሄድ ሰነዱ የቀድሞውን ግራፍ ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል።

ነገሩ የብስክሌት ጉዳይ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። የሕመምተኛ ጉዳይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በሂውስተን የኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የነበሩት ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጡ የካንሰር መድኃኒት ምርጫ ጥናቶችን መርምረው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ካገኟቸው ስህተቶች መካከል የዘረመሎች ዝርዝር በአንድ መስመር መንሸራተቱና መድኃኒቱ የሚሠራላቸውና የማይሠራላቸው ምድቦች መገለባበጣቸው ይገኙበታል። በጥናቶቹ ላይ የተመሠረቱ የሕክምና ሙከራዎች ታማሚዎችን ተቀብለው ነበር፤ በመጨረሻም ሙከራዎቹ ተቋረጡ፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዋና ዋናዎቹ ጽሑፎች ተሻሩ። ሁለቱ መርማሪዎች የራሳቸውን ሥራ ያቀረቡት ማንም እንደገና ሊያስኬደው በሚችል የስዊቭ ሰነድ ነበር። የአንድ መስመር መንሸራተት በግራፍ ላይ ጠባሳ አይተውም፤ የሚገኘው ኮዱና መረጃው ተከፍተው ሲታዩ ብቻ ነው።

የፍተሻው ተራ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ተራ ሊታሰብ ይችላል። በመጀመሪያ ማሽኑን ከባዶ አስነሥቶ ሰነዱን ከላይ እስከ ታች ማስኬድ፤ ብዙ ችግር በዚህ ብቻ ይገለጣል። ቀጥሎ የኮዱን ክፍል ራስጌ ማንበብ፤ እንዲፈጸም፣ እንዲታይና እንዲላክ መታዘዙን ማረጋገጥ። ሦስተኛ ግራፉ በእርግጥ እንዲታተም መታዘዙን፣ በተለይም በድግግሞሽና በፈንክሽን ውስጥ፣ ማየት። አራተኛ የሥዕሉን ፋይል በማኅደሩ መፈለግ፤ መኖሩን፣ መጠኑንና የተፈጠረበትን ሰዓት ማየት። አምስተኛ ማስጠንቀቂያዎችን አለመዝለል፤ ስለ ፎንት፣ ስለ መስመር ብዛትና ስለ ጎደለ ቁጥር የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና። ስድስተኛ ኮዱን በአሥር መስመር ሰው ሠራሽ መረጃ መሞከር፤ በዚያ ከሠራ ጥፋቱ የመረጃው ነው፤ በዚያም ካልሠራ የኮዱ ወይም የመሣሪያው ነው።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ፍተሻ ግራፉ ከታየ በኋላ የሚደረግ ነው። ከግራፉ ላይ አንድ ነጥብ መርጦ፣ ለምሳሌ የአንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆጠራ፣ በምንጩ ፋይል ውስጥ በእጅ መፈለግና ሁለቱን ቁጥሮች ማመሳከር ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ሰነዱ ለንባብ በቅቷል። ካልተስማሙም ስህተቱ ገና በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ እያለ ተገኝቷል፤ ለማረምም ጊዜው አላለፈም።